ልጆች የማያውቁት ጉዞ

ለልጆች ሳይነገር የሚዘጋጅ የቤተሰብ ጉዞ፣ በከተማው አጠራር «ሰርፕራይዝ»፣ ወላጆች ቦታውን መርጠው፣ ቀብድ ከፍለው፣ ሻንጣ ሸክፈው ሲያበቁ ልጆቹ እስከ መነሻው ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ መድረሻው በር ድረስ ምንም የማያውቁበት ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልማዱ የሚበረታው በመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት፣ በፋሲካ ሰሞንና ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሳይከብድ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ጉዞው ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሀዋሳ፣ ሲበዛ አርባ ምንጭ ወይም ባሌ ነው። ከባዱ ሥራ ጉዞው ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ፣ ለቀናት አፍን ይዞ መቆየቱ ነው።

መልኩ ከውጭ የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጆችን በድንገት ወደ ዲዝኒ መናፈሻዎች መውሰድ የታወቀ የቤተሰብ ወግ ነው፤ የመጀመሪያው መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ፣ ሰፊው ደግሞ በ1971 ፍሎሪዳ ተከፍተዋል። ዩቲዩብ በ2005 ከመጣ በኋላ ልጆቹ ዜናውን የሚሰሙባት ደቂቃ ራሷን የቻለች ትዕይንት ሆነች። አዲስ አበባ ያሉ ወጣት ወላጆችም ነገሩን ያዩት በዚያው መስኮት፣ ኋላ ደግሞ በቲክቶክ ነው።

ጠባዩ ግን እዚሁ ያደገ ነው። በብዙ ቤት ያልተፈጸመ ነገር አይወራም። አባት ከደጅ ሲወጣ «ወዴት?» ቢባል «መጣሁ» ብሎ ያልፋል፤ እናት ገበያ ስትሄድ ትንሹ እንዳያለቅስ በጓሮ ሹልክ ትላለች። ልጅን ሊያስከትቡ ሲወስዱ «ኬክ ቤት እንሄዳለን» ብሎ ማባበልም የተለመደ ነው። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ልጅ መድረሻው ሳይነገረው መኪና ውስጥ መግባት ብርቁ አይደለም፤ ብርቁ፣ የተደበቀው ነገር ለአንድ ጊዜ እንኳ መልካም ሆኖ መገኘቱ ነው።

ቃል ተገብቶ የቀረ ጉዞ

ወላጆች ለምን እንደሚደብቁ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያነሡት የልጆቹን ፊት ማየት መፈለጋቸውን ነው። ጨዋታው ትንሽ ሲቆይ የሚመጣው ምክንያት ግን ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ጉዞው ሊቀር ይችላል። ነዳጅ ይጠፋል፤ መኪናው ጋራዥ ይገባል፤ የመንገዱ ወሬ ደስ አይልም፤ አባት በዋዜማው ለስብሰባ ይፈለጋል፤ ለቅሶ ይመጣል። ለቅሶ ከመጣ ስለ ላንጋኖ የሚያነሣ የለም። ልጅ ይህን ሁሉ እንደ ምክንያት አይቀበልም፤ እሱ የሚያውቀው «ቅዳሜ እንሄዳለን» መባሉን ብቻ ነው።

የቀረ ቃል ደግሞ ከአንድ ቅዳሜ ያለፈ ጠባሳ ይተዋል። አሜሪካ የሚገኘው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ሕፃናትን በሁለት ቡድን ከፍለው ሥዕል እንዲሠሩ አስቀመጧቸው። አንድ አዋቂ የተሻለ የሥዕል ዕቃ እንደሚያመጣ ቃል ገብቶ ይወጣል። ለአንደኛው ቡድን ያለውን ይዞ ይመለሳል፤ ለሁለተኛው ግን «ለካ አልቋል» ብሎ ባዶ እጁን ይመጣል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጣፋጭ ተሰጥቶ፣ ሳይበላ ከጠበቀ ሁለተኛ እንደሚጨመርለት ተነገረው። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ቃል የታጠፈባቸው ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆይተው ጣፋጩን ጎረሱት። ትዕግሥት የልጁ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የአዋቂው ቃል የሚያሳድረው እምነት ነው ማለት ነው።

በዚህ በኩል ሲታይ ጉዞን መደበቅ ከትርኢትነቱ ይልቅ ዋስትናነቱ ያመዝናል። ያልተነገረው ልጅ፣ ጉዞው ቢቀርም ቅዳሜውን እንደ ሌላው ቅዳሜ ኳስ ሲያባርር ይውላል። የሚያዝነው ወላጅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይችለዋል።

ካፍ ከወጣ አፋፍ

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የቤተሰብ ጉዞ ግን በአፍ ብቻ አይወጣም።

ቀዳሚዋ አጋላጭ ወጥ ቤቷ ናት። ሐሙስ ማታ ዱቄቱ ተለውሶ፣ ሊጡ እንደ እርሳስ ቀጥኖ እየተድቦለቦለ፣ በቢላ በትንንሹ እየተቆራረጠ ምጣድ ላይ ሲንኮሻኮሽ ቤቱ በሙሉ ያውደዋል። በዓል በሌለበት ሳምንት ዳቦ ቆሎ ከተቆላ አንድ ሰው ሊሄድ ነው፤ ይህን የማያውቅ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የለም። ልብሱ ሁሉ በሳምንቱ መካከል መታጠቡም እንዲሁ ነው። እንጀራ የምታስረክበው ሴት «ለቅዳሜና እሑድ አታምጪ» ስትባልም በር ላይ የቆመው ልጅ ይሰማል።

ሁለተኛው አጋላጭ ስልክ ነው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮቹም መተግበሪያ ከተለመደ በኋላ፣ የሆቴል ቀብድ ከቤት ሳይወጡ ይከፈላል። የክፍያው አጭር መልእክት ግን የሚገባው ልጁ ጌም በሚጫወትበት የእናቱ ስልክ ላይ ነው። የላኪውና የተቀባዩ ስም፣ ከነብሩ መጠን፣ በጨዋታው አናት ላይ ብቅ ይላል። ስንቱ ምሥጢር በዚህች መልእክት እንደተበላ ወላጆች በሳቅ ይተርኩታል።

ሦስተኛዋ አያት ናቸው። አያት ካልተነገራቸው ይቀየማሉ፤ ከተነገራቸው ደግሞ ስልክ ደውለው ልጁን ራሱን «የኔ ጌታ፣ ውሃው ውስጥ ብዙ እንዳትገባ» ይሉታል። የቤት ሠራተኛዋ ከሁሉ ቀድማ ብታውቅም ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ የምትደብቀው እሷ ናት።

ልምድ ያላቸው ወላጆች አንድ ብልሃት አላቸው፤ ትልቁን ልጅ ተባባሪ ማድረግ። አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ እንዲያውቅ ተደርጎ የታናናሾቹን ሻንጣ እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። እሱ የመደነቁን ደስታ ቢያጣም የማወቁን ኩራት ያገኛል፤ ለሳምንት ያህል ከወላጆቹ ጋር በዓይን ይነጋገራል። ከድንገተኛው ጉዞ ሁሉ ይበልጥ የሚረካው ብዙ ጊዜ ይህ ልጅ ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት

መነሻው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አባት ሻንጣውን በጨለማ ጭኖ መኪናውን ያሞቃል። ትንሿ ከነፒጃማዋ በጋቢ ተጠቅልላ በእቅፍ ትወጣለች፤ ወንድሟ በሁለት እግሩ የተለያየ ካልሲ አጥልቆ እየተንገዳገደ ይከተላል። «የት ነው?» ይላል። «ተኛ፣ ትንሽ ቀርቶናል» ይባላል፤ ገና የግቢው በር አልተከፈተም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይህን ዓይነቱን ጉዞ አቅልሎታል። ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ላይ ካርድ ተወስዶ መኪናው ሲያፈተልክ ልጆቹ መልሰው ያንቀላፋሉ። ቢሾፍቱ ተኝተው ታልፋለች። ሰማዩ የሚገረጣው ሞጆ አካባቢ ሲደረስ ነው፤ ፈተናውም እዚያ ይጀምራል፤ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ታፔላ ያነባል። «ሞ–ጆ» ብሎ ይጀምራል። «አዳማ ነዋ የምንሄደው!» መኪናው ወደ ቀኝ፣ ወደ መቂ መንገድ ሲታጠፍ ግምቱ ይፈርሳል፤ ልጁ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች እህት የተሳፈረችበት መኪና ውስጥ ግን ምሥጢሩ እዚህ አይደርስም፤ እሷ ገና ቃሊቲ ሳሉ የስልኳን ካርታ ከፍታ ጨርሳለች።

ስለ ሌሊት ጉዞ ሹፌሮች የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ልጅን ቀስቅሶ ወተት አጠጥቶ መኪና ውስጥ ማስገባት ችግር መጥራት ነው። ሐኪሞችም ይስማሙበታል። የጉዞ ሕመም ይበልጥ የሚያጠቃው ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉትን ነው፤ መነሻው ዓይን የሚያየውና ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል የሚሰማው አለመገጣጠሙ ነው። ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚሄድ ልጅ ዓይኑ «ቆመናል» ሲለው ጆሮው «እየሄድን ነው» ይለዋል። ቀና ብሎ ሩቅ እንዲያይ ማድረግ፣ ደረቅ ነገር ጥቂት ማብላት፣ መስኮት መክፈት ይረዳል። ሎሚና ፌስታል ያልያዘ ወላጅ ግን መቂ ሳይደርስ ይጸጸታል።

ላንጋኖ ሲደረስ የሚጠበቀው ጩኸት ሁልጊዜ አይሰማም። ብዙ ልጅ መጀመሪያ የሚለው «ውሃው ቡኒ ነው!» ነው። በስልክ ያየው የመዋኛ ውሃ ሁሉ ሰማያዊ ነበር፤ ይህ ግን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። መልኩን የሰጠው ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቀር ደቃቅ አፈር ነው። ወላጆች ላንጋኖን የሚመርጡት ደግሞ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ፣ ልጅ ገብቶ ሊንቦጫረቅበት የሚችል የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ በመሆኑ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻላ ሰማያዊ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ250 ሜትር ያልፋል፤ ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል። ቅሬታው አሥር ደቂቃ አይቆይም። ፒጃማው እርጥብ ሆኖ ዛፍ ላይ ሲሰቀል ስለ ቀለሙ የሚያወራ አይኖርም።

ልጆች ወደ ቤት ይዘው የሚመለሱት ትዝታ ወላጅ የከፈለበት አይደለም።

ይህ በተለይ ሀዋሳ ላይ ይታያል። ማለዳ ጀልባዎቹ ሲገቡ የዓሣ ገበያው ዳር ይሞላል። ቆሮሶ በፍጥነት ተልጦ በጥሬው በዳጣ ይበላል፤ ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው ወደ ዳር ይወረወራል። ያን የሚጠብቀው አባ ኮዳ ነው። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርስ ወፍ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል። አሞራ ገደል በተባለው መናፈሻ ግቢ ውስጥ ጦጣ ከልጅ እጅ ዳቦ ነጥቆ ዛፍ ላይ ሲወጣ ደግሞ ልጁ ማልቀስና መሳቅ ይምታታበታል። የሆቴሉ መዋኛ፣ ሰፊው አልጋ፣ የቁርሱ ቡፌ በታሪኩ ውስጥ አይገቡም። ሰኞ ክፍል ውስጥ የሚተረከው አባ ኮዳ ነው።

መኪና የሌለው ቤተሰብም ምርጫ አለው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ መንገደኛ የሚያጓጉዘው የኢትዮ–ጅቡቲ ባቡር ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። እዚህ መድረሻውን መደበቅ አያስፈልግም፤ ባቡሩ ራሱ ድንገተኛ ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ልጅ ቀላል ባቡር እንጂ በአዋሽ ሸለቆ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ባቡር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከድሬዳዋ ሐረር ቅርብ ነው፤ ማታ ከግንቡ ውጭ ለጅብ ሥጋ የሚያበሉት ሰዎች ዘንድ ከተወሰደ በኋላ ልጁን ማስተኛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ደስታው መቼ ይመጣል?

ድንገተኛ ደስታ ለምን እንደሚጣፍጥ ሳይንስ የሚለው አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቮልፍራም ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት አጥብቀው የሚቀሰቀሱት ያልተጠበቀ የጭማቂ ጠብታ ሲመጣ መሆኑን አሳየ። ጦጣው ከጭማቂው በፊት መብራት እንደሚበራ ከተማረ በኋላ ግን ሕዋሳቱ የሚቀሰቀሱት በመብራቱ እንጂ በጭማቂው አይደለም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። የቀረችው ቅዳሜ የምትጎዳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጁ ደስታውን ዜናው በተነገረበት ቀን አስቀድሞ ተቀብሏል።

ይህ ብቻ ቢሆን ሁሉንም መደበቅ ያዋጣ ነበር። ነገር ግን የመደነቅ ዕድሜ አጭር ነው። ስለ ሰው ፊት ስሜት ሲያጠና የኖረው ፖል ኤክማን፣ መደነቅ ከስሜቶች ሁሉ ፈጥኖ የሚያልፍ መሆኑን፣ ካለፈም በኋላ ወደ ደስታ፣ ወደ ፍርሃት ወይም ወደ ቁጣ እንደሚቀየር ጽፏል። ወላጅ ለሳምንታት የደከመለት ነገር በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል።

ሆላንድ ውስጥ ከ1,500 በሚበልጡ አዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። ለዕረፍት የሚሄዱት ሰዎች ከማይሄዱት ይልቅ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከመሄዳቸው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ፣ ዕረፍታቸው እጅግ ዘና ያለ ከነበረው በቀር፣ ከሌላው ሰው የሚለያቸው ነገር አልነበረም። ጥናቱ ስለ ልጆች ባይሆንም የእንቁጣጣሽን ልብስ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ በየማታው እየከፈተ ያየ ሰው ትርጉሙን ለመረዳት አይቸገርም። መጠበቅ ራሱ የበዓሉ ክፍል ነው። ጉዞውን ፈጽሞ የደበቀ ወላጅ ይህን ክፍል ከልጁ ላይ ቆርጦ ለራሱ ወስዷል፤ ሳምንቱን ሙሉ በጉጉት ያሳለፈው እሱ ነውና።

ድንገተኛው ደቂቃ ይሰጣል፤ ጉጉቱ ሳምንት ይሰጣል።

ዕድሜ የሚለውጠው

ሦስትና አራት ዓመት ላይ ያሉ ልጆች ነገንና ትናንትን ገና አይለዩም። «ትናንት እንሄዳለን» የሚል ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት መንገር የሁለት ሳምንት «ዛሬ ነው?» መግዛት ነው። እሱ የሚገባው ቆጠራ የመኝታ ቆጠራ ነው፤ «አንድ ጊዜ ተኝተህ ስትነሣ» ሲባል ይገባዋል። ስለዚህ ትንንሾችን ምሥጢሩ ብዙ ነገር አያስቀርባቸውም።

ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሌላ ነው። ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ለጓደኛው ይናገራል፤ ምን ይዞ እንደሚሄድ ያስባል። ከአስጎብኚዎች ዘንድ የሚሰማው አስተያየትም ይህን ያጠናክራል፤ ስለ ቀይ ቀበሮ አስቀድሞ የተነገረው ልጅ ባሌ ላይ፣ በሰነቴ ብርድ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆሞ በትዕግሥት ይፈልጋል። ያልተነገረው ግን መኪና ውስጥ ሆኖ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ይላል።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ላለው ደግሞ ምሥጢሩ ቅያሜ ሊያመጣ ይችላል። ቅዳሜ የጓደኛ ልደት ነበር፤ የሠፈር ግጥሚያ ነበር። ሳይጠየቅ ተሸክፎ የተወሰደ ጎረምሳ የሐይቅ ዳር ወንበር ላይ ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ሁለት ቀን ያሳልፋል። ወላጅ «ይህን ሁሉ ለእሱ ብዬ» ይላል። ልጁ የተቆጣው ስለ ቦታው አይደለም፤ የራሱ ዕቅድ ከቁጥር አለመግባቱ ነው።

ዕድሜያቸው ምንም ቢሆን ድንገተኛ ነገር የማይስማማቸው ልጆችም አሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የዕለት ሥርዓቱ ሳይነገረው ሲለወጥ ሊሸበር ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ ከጓዳ የወጣው በአብዛኛው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚመከረው የድንገተኛ ተቃራኒ ነው፤ አሜሪካዊቷ መምህርት ካሮል ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1991 ባስተዋወቀችው ዘዴ መሠረት የሚሆነውን ሁሉ በአጭር ታሪክና በሥዕል አስቀድሞ ማሳየት። መኪናው፣ መንገዱ፣ የሆቴሉ በር፣ አልጋው በፎቶ ተራ በተራ ይታያል። አእምሮው ቀድሞ ከሄደበት በኋላ እግሩ ይከተላል።

ስለ ልጆች ደኅንነት የሚያስተምሩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ድንበር ያሰምራሉ። ለልጅ «ለእማዬ እንዳትነግር» የሚባል ነገር አደገኛ ነው፤ ጥቃት የሚያደርሱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቋንቋ ነውና። የልደት ስጦታ ወይም የተደበቀ ጉዞ ግን ማብቂያ ቀን አለው፤ በመጨረሻ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚጎዳም የለም። ትልቁን ልጅ ተባባሪ የሚያደርግ ወላጅ ይህን ልዩነት አብሮ ቢነግረው ትምህርቱ ከጉዞው ይበልጣል።

ፓስፖርት ሲያጋልጥ

በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ድንገተኛው ጉዞ ብዙ ጊዜ መድረሻው ኢትዮጵያ ናት። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ቤተሰብ ልጆቹን «ሽርሽር» ብሎ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይወስዳቸዋል፤ በሩ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጅራት ያለው አውሮፕላን ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። ይህ ግን ፓስፖርት ላላቸው ልጆች ብቻ ነው። በአሜሪካ ሕግ ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ ፓስፖርት ሲወጣለት ራሱ መቅረብ አለበት፤ ሁለቱም ወላጆች አብረው ይቀርባሉ፤ አንዱ ካልቻለ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት የተፈረመ ፈቃድ ይልካል። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለውም 5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ በየጉዞው ከዚህ ወረፋ ይገባል። መስኮቱ ጋ የቆመ የስምንት ዓመት ልጅ ለምን እንደመጣ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ሐኪም ቤት አለ። የጉዞ ክትባት ይወጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ ወባ አያሰጋትም፤ ሀዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ለመውረድ ካሰቡ ግን የወባ መከላከያ ክኒን ይታዘዛል፤ አንዳንዱም ከመነሣት ቀናት ቀድሞ ይጀመራል። የተወጋና መራራ ክኒን የዋጠ ልጅ «ሽርሽር ነው» ቢባል አያምንም።

በዳያስፖራው ዘንድ የተለመደው ድንገተኛ እንዲያውም በልጆች ላይ ሳይሆን በአያት ላይ የሚደረገው ነው። ልጆቹ ያውቃሉ፤ የማያውቁት እማማ ናቸው። ከቦሌ ቀጥታ ወደ ቤት ተነድቶ፣ በር ተንኳኩቶ፣ በስልክ ብቻ የሚያውቋቸው የልጅ ልጆች ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ይህን በፍርሃት ያዩታል፤ እናታችን ደም ግፊት አለባቸው ይላሉ። ብዙ ቤት ውስጥ የተደረሰበት ስምምነት አንድ ነው፤ ጎረቤት ወይም ታናሽ እህት ግማሽ ሰዓት ቀድማ ገብታ፣ ቡና አስፈልታ፣ «እንግዳ ሊመጣ ነው» ብላ ታለማምዳቸዋለች።

አንድ የሚያሳስብ ነገርም አለ። «ለሁለት ሳምንት» ተብሎ መጥቶ፣ ጠባዩ እንዲታረም ተብሎ ዘመድ ዘንድ የሚተው ወጣት አልፎ አልፎ ይገኛል። ይህ ድንገተኛ ጉዞ አይደለም፤ ማታለል ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ የወላጁን «ና እንሂድ» እንደማያምን አያጠራጥርም።

ካሜራው

እ.ኤ.አ. በ2013 የተቀረጸ አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። ሁለት እህትማማች ሕፃናት መኪና ውስጥ ሳሉ ትምህርት ቀርቶ ዲዝኒላንድ እንደሚሄዱ ይነገራቸዋል። ታላቋ በደስታ ታለቅሳለች፤ ታናሿ ግን ካሜራውን በጎሪጥ ታየዋለች። ያቺ የጎሪጥ እይታ ለዓመታት የመላው ዓለም መሣቂያ ምስል ሆነች፤ በ2021ም በዲጂታል ንብረትነት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠች።

ትንሿ ልጅ ያደረገችው ነገር ቢኖር በመጀመሪያ ግራ መጋባት ነው። ሕፃን ዜናውን ሰምቶ እስኪገባው ድረስ ፊቱ ባዶ ይሆናል፤ ካሜራ ደግኖ ጩኸት የሚጠብቅ ወላጅ ይህችን ባዶ ፊት እንደ ውድቀት ይቆጥራታል። «አልተደነቃችሁም እንዴ?» ተብሎ እንዲደገምላቸው የሚደረጉ ልጆች በቲክቶክ ላይ ጥቂት አይደሉም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ የልጅን ምስል መጠበቅ የወላጅ ግዴታ መሆኑን በግልጽ ደንግጋለች። እዚህ አገር ነገሩ በአብዛኛው የተተወው ለወላጅ ኅሊና ነው። መቅረጽ ለቤተሰብ ትዝታ መልካም ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ ወይም ሲደናገር የተቀረጸውን ለማያውቁት ሰው መልቀቅ ግን ልጁ ሲያድግ ራሱ ሊወስነው የሚገባ ነው።

ግማሹን መንገር

በዚህ ሁሉ መካከል አንዳንድ ቤተሰቦች ያገኙት መንገድ አለ፤ ጉዞው ይነገራል፣ መድረሻው ይደበቃል። ማደሪያው ከተያዘና መኪናው ከተፈተሸ በኋላ፣ ከመነሻው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ «ዓርብ እንሄዳለን፤ የት እንደሆነ ገምቱ» ይባላል። ከዚያ በየማታው አንድ ፍንጭ ይሰጣል። አንድ ማታ የዋና ልብስ ይለካል፤ በማግሥቱ ራሱ የተመለጠ ወፍ ተሥሎ ይታያል፤ በሌላው ቀን «የሚበላ ዓሣ አለ፣ የሚነጥቅ ጦጣ አለ» ይባላል። እንቆቅልሽ ለኢትዮጵያ ልጅ አዲስ አይደለም፤ «ምን አውቅልህ?» ብሎ የሚመልስ አፍ ያለው ነው። ቢሸነፍም «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ይሰጣል፤ አገሩ የኋላ ኋላ ሀዋሳ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ አካሄድ ልጁ ጉጉቱን አያጣም፤ ወላጁም የመድረሻውን ደቂቃ ያገኛል። ጉዞው ቢቀር ግን ጉዳቱ አለ፤ ስለዚህ ነገሩ የሚነገረው ሊቀር የሚችልበት ምክንያት በአብዛኛው ከተወገደ በኋላ መሆን አለበት። ለሦስት ዓመቷ ልጅ ዋዜማው ይበቃታል። ለተማሪው ሳምንት ይሰጠው። ጎረምሳው ግን ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ይጠየቅ፤ የሚሄደው እሱም ነውና።